አምቡላንስ ወይስ ሳይረን የተገጠመለት ቃሬዛ?

በየጊዜው የምናየው ዜና ነው። ነጫጭ መኪኖች አንድ ግቢ ውስጥ ተሰልፈዋል። ባለሥልጣናት ከፊታቸው ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ። ግማሽ ሜትር የሚያህል የካርቶን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ጭብጨባ። ዜና አንባቢዋ የመኪኖቹን ብዛት፣ የወጣባቸውን ገንዘብና የሚከፋፈሉባቸውን ወረዳዎች ትነግረናለች። ከዚያ ወደ ስፖርት እናልፋለን።

በአንዱም ዜና ላይ ያልሰማሁት ጥያቄ አለ። የኋላው በር ሲከፈት ውስጡ ምን አለ?

ገጠር ያደጋችሁ ቃሬዛን ታውቁታላችሁ። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሐሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተወጠረ፣ አራት ጎረምሳ ተሸካሚ፣ ከኋላ ደግሞ ሲደክማቸው የሚተኩ ሌሎች አራት። ቃሬዛ ክቡር ነገር ነው፤ ስንቱን አትርፏል። ነገር ግን ቃሬዛ ያደርሳል እንጂ አያክምም። እስካየሁት ድረስ ብዙዎቹ አምቡላንሶቻችን ዛሬም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ሞተርና ሳይረን መጨመሩ ነው።

ነገሩ መነሻ አለው። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ማከፋፈል ሲጀምር ዋናው ሐሳብ ወላድ እናቶችን በጊዜ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው። ለምጥ የተያዘች እናት ትልቁ ጠላት ርቀት ስለሆነ ርቀቱን የሚያሳጥር መኪና በራሱ መፍትሔ ነው። ችግሩ ያ መኪና እንዳለ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ለሁሉም ድንገተኛ ሕመም አምቡላንስ ተብሎ መቀጠሉ ላይ ነው።

ስለዚህ መለኪያዬን ልንገራችሁ። አንድ መኪና አምቡላንስ መሆን አለመሆኑን የማውቀው መተንፈስ ላቃተው ሰው ምን ሊያደርግለት እንደሚችል አይቼ ነው። ኦክስጅን ከነሙሉ ዕቃው፣ ሳልቡታሞል፣ አድሬናሊን፣ እና እነዚህን እንዲሰጥ በጽሑፍ የተፈቀደለት ባለሙያ። እነዚህ ከሌሉ መኪናውን መኪና በሉት። አምቡላንስ ብላችሁ ቆጥራችሁ ሪፖርት አታድርጉልን።

ለምን ትንፋሽን መረጥኩ? እግሩ የተሰበረ ሰው ይሰቃያል እንጂ በጣውላ ታስሮ ከዓለም ባንክ እስከ ጥቁር አንበሳ ሊጓዝ ይችላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በእጁ ያለው ደቂቃ ነው። እነዚያን ደቂቃዎች ደግሞ የሚያሳልፈው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን መኪና ላይ ነው።

አስምን እንውሰድ። አስም ሲነሣ ብዙዎቻችን ሰውየው አየር ማስገባት ያቃተው ይመስለናል። ትልቁ ጭንቅ ማስወጣቱ ላይ ነው። የሳንባ ቱቦዎችን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ የቱቦዎቹ ግድግዳ ያብጣል፣ አክታ ይሞላቸዋል። የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ይደረብበታል፤ ደረት እንደተነፋ ኳስ ይወጠራል። ታማሚው እያንዳንዷን ትንፋሽ በአንገቱና በጎድኑ ጡንቻ እየጎተተ ያስገባል። ይህ ተቀምጠው የሚሮጡት ሩጫ ነው፤ ሩጫ ደግሞ ያደክማል። ሲደክም ፉጨቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤተሰብ “ተመስገን፣ ለቀቅ አደረገው” ይላል። የሚያውቅ ሰው የሚደነግጠው ግን ያን ጊዜ ነው። ደረቱ ዝም ያለው አየር መግባትም መውጣትም ስላቆመ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ሳልቡታሞል ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ይህን ቻናል ከሚያነቡት ከአብዛኞቻችሁ በዕድሜ ይበልጣል። የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ያላላል፣ በአፍ ሲሳብ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ ይጀምራል። ሰው ሁሉ “ፓፍ” የሚለው ያ ትንሽ ሰማያዊ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 200 ጊዜ ይነፋል፤ በእያንዳንዱ 100 ማይክሮግራም ይወጣል። ኪስ ይገባል። ማቀዝቀዣ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በእኛም አገር ዝርዝር ውስጥ አለ።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ላንሣ። ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አስማቸው ተነሣባቸው። ልጃቸው አምቡላንስ ጠራች። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀበት፤ ለከተማችን መጥፎ የሚባል አይደለም። ከመኪናው የወረደችው ቴክኒሻን ወጣት ናት፣ ሥራዋንም ታውቃለች። እኛ ልናስተኛቸው ስንል ከለከለችን። “እማማ፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው ይቀመጡ” አለቻቸው። መስኮቱን አስከፈተች፤ ነፋስ ይመታቸዋል ብሎ የተከራከረ ጎረቤት ነበር፣ አልሰማችውም። በራሷ ገንዘብ የገዛቻትን የኦክስጅን መለኪያ ጣታቸው ላይ ሰካች። ከዚያ የራሳቸው ፓፍ እንዳላቸው ጠየቀች። ነበራቸው፤ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። መኪናው ውስጥስ? የለም። ኦክስጅን? ሲሊንደሩ አለ፣ መክፈቻው ግን ሌላ መኪና ላይ ቀርቷል።

ሆስፒታል ደረስን። መጀመሪያ የተሰጣቸው ሳልቡታሞል ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገራቸውም “በሩን ቆልፋችሁ ነው የወጣችሁት?” የሚል ነበር።

የየትኛው ተቋም መኪና እንደነበረ አልጽፍም። ልጅቷ እንጀራዋን እንድታጣ አልፈልግም፤ ነገሩ የአንድ ተቋም ጉድለት ነው ብዬም አላምንም። ልብ ልትሉልኝ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ እማማን ያተረፋቸው በኪስ የሚያዝ ነገር ነው። ያ ነገር ለመጣላቸው አምቡላንስ ስላልተሰጠ፣ ወደ መድኃኒቱ ሄዱ እንጂ መድኃኒቱ ወደ እሳቸው አልመጣም። ትንሽ ደክመው ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው።

በኋላ ቴክኒሻኗን አግኝቼ አወራን። ከዕቃው ማነስ የባሰ የሚያሳስባት ነገር ነበራት። ፓፉ መኪናው ላይ ቢኖር እንኳ “ስጪ” የሚላት ወረቀት የላትም። ሰጥታ አንድ ነገር ቢበላሽ “ማን ፈቀደልሽ?” ትባላለች። ሳትሰጥ ሰውየው ቢሞት ግን የሚጠይቃት የለም፤ “በመንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ” ተብሎ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። አስቡት። ምንም አለማድረግ የማያስጠይቅበት፣ ማከም ግን የሚያስፈራበት ሥራ። ሕይወት አድን ብለን ቀጥረን እጇን ጠፍረናት ስናበቃ የመኪና ቁጥር እንቆጥራለን።

“መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው” የሚለውን መልስ ከአሁኑ እሰማዋለሁ። እንግዲህ ይህን የሚሉት ሰዎች የገዛ አገራቸውን ፖሊሲ ያንብቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ዓመት ገደማ የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ። ያን ጊዜም “እነዚህ ምን ያውቃሉ?” ተብሎ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሳንባ ምች በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተደረገ። እንዴት? የሕፃኑን ትንፋሽ በደቂቃ ቆጥረው፣ ከሰንጠረዥ አይተው፣ የተጻፈውን መጠን ሰጥተው፣ የባሰበትን ወደ ጤና ጣቢያ ልከው። ሐኪም አጠገባቸው አልነበረም። ምክንያቱም ሐኪም እስኪገኝ መጠበቅ ሕፃን እንደሚገድል መንግሥት ራሱ አምኖ ነበር።

በቀበሌ ኬላ ላይ ያለችው ባለሙያ የሕፃን ሳንባ ምች እንድታክም ካመንናት፣ ድንገተኛ ሕመም ብቻ የተማረችው የአምቡላንስ ቴክኒሻን ለአስም ፓፍ እንዳትሰጥ የምንከለክልበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ አንድም አላገኘሁም። ያለው የሕክምና ምክንያት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ የሚጽፍና የሚፈርም ሰው መጥፋቱ ነው።

ሐኪሞቹ ደግሞ አሉን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አምስቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው፤ ለቴክኒሻን የሚሆን የትንፋሽ መመሪያ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጽፉላችኋል።

ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ? የጽኑ ሕሙማን ክፍል በመኪና ላይ ይሠራ አላልኩም። የልብ ድካም ሳንባውን ውሃ የሞላበት ሰው ሌላ መድኃኒትና ሌላ ደረጃ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምለው አንድ ሰው በትከሻው ሊያንጠለጥለው ስለሚችል ቦርሳ ነው።

መጀመሪያ ፓፉ። አንድ ሰው በጭንቅ ውስጥ ሆኖ ፓፍን በቀጥታ አፉ ላይ አድርጎ በትክክል መሳብ ይቸግረዋል፤ አብዛኛው መድኃኒት ምላሱ ላይ ይቀራል። መሐል ላይ አየሩን የሚያቆይ ዕቃ፣ ስፔሰር የሚባለው፣ ያስፈልጋል። እሱ ውድ ነው፣ አይገኝም ትሉኝ ይሆናል። በኬፕ ታውን አስም በተነሣባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት የታተመ ጥናት አለ። ግማሽ ሊትር የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ፣ እኛ ሃይላንድ የምንለው፣ ታችኛው በኩል በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ክፍተቱ ሲደፈን የፋብሪካውን ያህል ሠርቷል። ሃይላንድ! ይህች አገር ያላጣችው ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ወንዞቻችንን የሞላው እሱ ነው። ለከባድ ጥቃት የሚመከረው በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ጊዜ መንፋት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ20 ደቂቃው መድገም ነው። አንዱ ፓፍ ለብዙ ታማሚ ይበቃል፤ ጠርሙሱን ለእያንዳንዱ መቀየር ነው።

ቀጥሎ አድሬናሊን። ስለ አስም የሚያወራ ሰው እናገኛለን፤ ስለዚህኛው ግን ዝምታ ነው። አንድ ሰው ክሊኒክ ፔኒሲሊን ተወግቶ ወይም ንብ ነድፎት ፊቱ ያብጣል፣ ጉሮሮው ይዘጋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አናፊላክሲስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በዚህ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ እስትንፋስ ወይም ልብ እስኪቆም ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ አሰላ። መካከለኛው ቁጥር በምግብ ለመጣው 30 ደቂቃ፣ በንብና በመሰል ነፍሳት ንድፊያ 15 ደቂቃ፣ በሕክምና መድኃኒት ለመጣው 5 ደቂቃ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በከተማችሁ አምቡላንስ ለመድረስ ከሚፈጀው ጊዜ አጠገብ አስቀምጧቸው። መድኃኒቱ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም የያዘች ብልቃጥ ናት፤ ለአዋቂ ግማሿ ጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል። የአንድ ሰው ነፍስ በግማሽ ሚሊ ሊትር። ንብ አናቢ አገር ነን፣ መርፌ ወዳድ ሕዝብ ነን፤ አድሬናሊን የሌለበት አምቡላንስ ለእኛ ቀልድ ነው።

ኦክስጅን ሦስተኛ ያደረግሁት ስለሚያንስ ሳይሆን ሁሉም ያለው ስለሚመስለው ነው። ሲሊንደር አይቶ “አለ” ማለት አይበቃም። መክፈቻው፣ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ የፍሰት መለኪያው፣ ማስኩ፣ አንዱ ከጎደለ ሲሊንደሩ ብረት ነው። ሒሳቡም አለ። አሥር ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ቢለቀቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ባለ ሁለት ሊትሯ ትንሽ ግን በዚያው ፍጥነት 30 ደቂቃ ናት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከመገናኛ የተነሣ መኪና በ30 ደቂቃ የት እንደሚደርስ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። መንገዱ ባለ መብራትና ባለ አበባ ሆኗል፤ መጨናነቁ ግን እዚያው ነው።

በኮቪድ ጊዜ አገር ምድሩ ኦክስጅን ኦክስጅን ብሎ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንኳ አልሆነም፣ ያን ጊዜ ጅቡ ደጃፍ ላይ ነበር። ያ ጩኸት ለሆስፒታሎች ጥሩ ነገር አምጥቷል። ታዲያ ከሆስፒታሉ አጥር ወደ ውጭ ለምን አልወጣም? በሽተኛ ኦክስጅን የሚያስፈልገው በር ላይ ካርድ ካወጣ በኋላ ነው ያለ ማነው?

እዚህ ላይ የሐኪሞችን ስጋት በቅንነት ላንሣ፤ ትክክል ነውና። ኦክስጅንም መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ የሚጎዳው ሰው አለ። በታዝማኒያ፣ አውስትራሊያ፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎች በ405 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዳለባቸው ለተጠረጠሩ ታማሚዎች ኦክስጅንን እንዲሁ በብዛት ከመልቀቅ ይልቅ በመለኪያ እያዩ ከ88 እስከ 92 በመቶ መካከል ማቆየት ሞትን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገረች እናት ሳንባ ከዚሁ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ሲጋራ ነክታ አታውቅም ብላችሁ አትዘናጉ። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ ቁጥር ለእኛ ከፍታ ምን ያህል መስተካከል እንዳለበት ሐኪሞቻችን ይንገሩን። ነገር ግን ጥናቱን ደግማችሁ እዩት። ያን ውጤት ያመጡት ሐኪሞች አልነበሩም። መለኪያና መመሪያ የተሰጣቸው የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። ስጋቱ “አትስጧቸው” ወደሚል መደምደሚያ አይወስድም፤ “መለኪያውን ጨምሩላቸው” ወደሚል ነው የሚወስደው።

ይህን መንገድ የጀመርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አምቡላንሷ ቃሬዛ ነበር። በብዙ ከተሞች በሽተኛን የሚያመላልሱት የፖሊስ መኪኖችና የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች ነበሩ፤ አስከሬን በሚያጓጉዘው መኪና ማለቴ ነው። በፒትስበርግ ፒተር ሳፋር የሚባል የሰመመን ሐኪም ነበር፤ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ዘዴን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ትንሽ ልጁ ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1966 በአስም ሞተችበት። የዓለም ትንፋሽ አዋቂ ልጅ በትንፋሽ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ፍሪደም ሐውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ሲቋቋም የሥልጠናውን ዕቅድ ያወጣው እሱ ነው። የሠለጠኑት እነማን ነበሩ? ሂል ዲስትሪክት ከሚባል ድኻ ሰፈር የመጡ፣ ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች። “እነዚህ መድኃኒት ሊነኩ ነው?” ያለ አልጠፋም። ነኩ፤ ሕይወትም አተረፉ። በኋላ ለአገሪቱ የተዘጋጀው የሥልጠና መጽሐፍ ከእነሱ ጋር ከተሠራው ሥራ ተነሣ። (ከተማው አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ1975 ዘጋው፤ ያ የዘር ፖለቲካ ታሪክ ነው፣ ለሌላ ቀን።)

እኛም ዘንድ የነገሩን ሥር ያዩ ሰዎች ነበሩ። የሰመመን ባለሙያው ክብረት አበበ ቤቱን ሽጦ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ሲመሠርት ሰው ከሆስፒታል ደጃፍ በፊት እየሞተ መሆኑን አይቶ ነው። አንድ ግለሰብ ቤቱን የሸጠበት ጉዳይ ለአንድ መንግሥት የአንድ ገጽ ፊርማ ሲከብድ ግራ ይገባል።

የቀሩትን ሰበቦች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። “መድኃኒቱ ይሰረቃል።” ነዳጅስ? ለነዳጅ ኩፖን አለ፣ የኪሎ ሜትር መዝገብ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ። ቦርሳውን በቁጥር ማሸጊያ እሸጉት፣ በተረኛ ልውውጥ ላይ ይፈተሽ፣ ሲከፈት ይመዝገብ። ነዳጅን መቁጠር የቻለ መሥሪያ ቤት ፓፍ መቁጠር አያቅተውም። “በቆላ ይበላሻል።” ጠባቂው ቤት ይቀመጥ፣ መኪናው ሲወጣ ይያዝ። “ገንዘብ የለም።” የአንድ ላንድክሩዘር ጎማ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ከአንድ ፓፍ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ እናወራለን። “ዋናው ቶሎ ማድረስ ነው።” ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ሆዱ ውስጥ ደም ለሚፈስሰው ሰው መንገድ ላይ መዘግየት ጥፋት ነው፤ እሱ የሚፈልገው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። አስም ግን ሆስፒታል ውስጥ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ሕክምና ያው ፓፍ፣ ያው ኦክስጅን ነው። መኪናው እየሄደም ይሰጣል፤ አንዱ ሌላውን አያዘገይም።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የትንፋሽ ድንገተኛ ሕክምና መመሪያ በቴክኒሻን ደረጃ፣ በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ይውጣ። ቴክኒሻኑ መመሪያውን ተከትሎ ለሰጠው መድኃኒት እንደማይጠየቅ፣ እያለው ሳይሰጥ ቢቀር ግን እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍበት። የሚቀጥለው የቁልፍ ርክክብ ሲደረግ ካሜራው ፊት የኋላው በር ይከፈት፤ ቦርሳው ይታይ። የከፈልንበትን ዕቃ ማየት እንፈልጋለን።

የእኛም ድርሻ አለ። ዕድራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ብረት ድስት አለ። የሚሞት ሰው ሲኖር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን እናቆማለን። የወረዳው አምቡላንስ ውስጥ ምን እንዳለ ሄዶ የጠየቀ የዕድር ሊቀመንበር ግን አላውቅም። አምስት ዳኞች ይዛችሁ ብትሄዱ የሚመልሳችሁ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የለም።

ቤት ውስጥ የአስም ታማሚ ያላችሁ ደግሞ፦ ፓፉ ማለቁን የምታውቁት በጭንቅ ሌሊት እንዳይሆን አንድ ትርፍ ያዙ። ሲነሣበት አታስተኙት፣ አትክበቡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ባሕር ዛፍ አታጥኑት። ያረጋጋዋል ብላችሁ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትሰጡት፤ ያችኑ የቀረችውን ትንፋሽ ታጠፋዋለች። ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አትጠብቁ። ወደ 907ም ደውሉ ወደ 939፣ ስልኩን ለሚያነሣው ሰው ከአድራሻው ቀጥሎ “መኪናው ላይ ኦክስጅንና ፓፍ አለ?” በሉት። የለም ካላችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉት።

በአምቡላንስ ላይ የምትሠሩ የዚህ ቻናል ተከታታዮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ተራችሁን ስትረከቡ የኋላውን በር ክፈቱና ያለውን የሌለውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስማችሁና መሥሪያ ቤታችሁ አይወጣም። ዝርዝሩን በየከተማው ከፋፍዬ እዚሁ አወጣዋለሁ።